ሌላ ውኃ ያልነካ ካሜራ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። የምሄደው መንዝ ነበር፤ የተሳፈርኩት ግን በተቃራኒው ወደ አዲስ አበባ ነው። መንዝ ያለውን ምንጭ ከውስጥ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ካሜራ መግዛት ነበረብኝ። እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሙሽራና ሚዜ፣ ኬክና የዘመድ ሰልፍ ዓይኔን ጨፍኜም አነሳለሁ። ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ግን በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም።

ጣጣውን ያመጡብኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጌታነህ ናቸው። ግንበኛ ናቸው፤ የሚኖሩትም ከዘመሮ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ሰፈር ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰፈሩን ምንጭ በጥርብ ድንጋይ ገነቡት። ፊቱ ክፍት ነው፤ ሰው ከዚያ ይቀዳል። ጀርባው በድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ጨለማ ነው፤ ጥልቀቱም የሁለት ሰው ቁመት ያህል ይሆናል። ካቻምና ውኃው መቀነስ ጀመረ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደምሴ ምሥራቃዊው ግንብ ተሰንጥቆ ውኃውን እያፈሰሰ ነው አለ፤ ሰውም አመነው። ከፋሲካ በኋላ ግንቡን አፍርሰው በሲሚንቶ ሊሠሩት ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ጌታነህን አንድ ሰው እንኳ ለግንባታ ጠርቷቸው አያውቅም።

ደወሉልኝ። “አስካልዬ፣ ግንቤ አልተሰነጠቀም። አንቺ ካሜራ አለሽ፤ አሳዪልኝ።”

“ጋሼ፣ አንድ ዋናተኛ ገብቶ አያየውም?”

“ምን ነካሽ! ለቅዳሴ የሚቀዳበት ውኃ ነው። ከተባረከ ወዲህ እግር ገብቶበት አያውቅም።”

ውኃው ተመጥጦ እንዳይታይም ምንጩን ማድረቅ ነውር ነው። ካሜራ በእንጨት ታስሮ እንዲገባ ግን ቄስ ኃይሉ ፈቅደዋል፤ በአንድ ነገር ብቻ፦ የሚገባው ዕቃ ከዚያ በፊት ሌላ ውኃ ያልነካ መሆን አለበት። በዚህ የተነሳ መዋስ ቀረ። ሐይቅ ለሐይቅ እየዞረ ዓሣ የሚያጠና አንድ የማውቀው ሰው የውኃ ካሜራ አለው፤ ግን የስንቱን ሐይቅ ጭቃ የጠጣ ካሜራ ነው።

ሱቁ ውስጥ

ሦስተኛው ሱቅ ላይ የተረጋጋ ሻጭ አገኘሁ። ሲጨርስ ግን እሱም አልተረጋጋም።

“ሲገዙት ባልዲ ውስጥ ነክረው ይሞክሩታል፤ ነይ ከጓሮ ውኃ አለ” አለኝ።

“አይቻልም። ውኃ መንካት የለበትም።”

አየኝ። “የምትፈልጊው የውኃ ካሜራ አይደለም እንዴ?”

“ነው።”

“ውኃ የማይነካ?”

“ሌላ ውኃ የማይነካ።”

ሻጩ ሻይ አዘዘልኝ። ሰው እንደሚያዝንልኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያወጣልኝ ያለ ምንም መሸፈኛ ውኃ ውስጥ የሚገባ፣ ቢወድቅም የማይሰበር ትንሽ ካሜራ ነበር። ወዲያው ወደድኩትና “ይሄ ይበቃኛል” አልኩ። “ጨለማ ነው አላልሽኝም? ይሄ ብርሃን ሲያጥረው ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል” አለኝ። ሁለተኛው እንደዚያው ኪስ የሚገባ ነው፤ በጨለማ ጎበዝ ነው፤ ራሱ ግን ጠብታ ከነካው ያልቅለታል። ስለዚህ ሃውዚንግ የሚሉት ወፍራም የፕላስቲክ ልብስ ይለብሳል። ጠንካራው ዓይኑ ደካማ፣ ዓይናማው ደግሞ ልፍስፍስ ሆነና ገና ከጅምሩ ግራ ገባኝ።

ዓይናማውን ልያዝ ብዬ ወሰንኩ። ዓይናማውም ሁለት ዓይነት ሆኖ ቀረበ፦ አንዱ የሌንሱ ቁጥር ከሃያ አራት የሚጀምር፣ ሌላው ከሃያ ስምንት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሜራው ሰፊ እንደሚያይ ከሠርግ ሥራዬ አውቃለሁ። በኩራት “ሃያ አራቱን” አልኩት።

“አይ እህቴ፣ ላንቺ ሃያ ስምንቱ ነው የሚሻልሽ። ውኃ ነገሩን ሁሉ አግዝፎና አቅርቦ ስለሚያሳይ ካሜራው ይጠብብሻል። ለዚያ ከልብሱ ውጪ የሚገጠም ሰፊ ሌንስ አለ። ሌንሱ ሃያ አራቱ ላይ ሲገጠም ካሜራው የሌንሱን ጠርዝ ጨምሮ ያያል፤ አራቱም ማዕዘን ይጠቁራል። ከሃያ ስምንቱ ጋር ግን ይስማማሉ።”

“እንግዲያው ሰፊ ለማየት ጠባቡን ካሜራ ልግዛ?”

“ልክ ነሽ።”

ልክ ነሽ ሲለኝ ይብስ ጠፋብኝ። “ሌንሱን ትቼ ወደ ኋላ ሸሸት ብልስ?”

“ስትሸሺ መሐል የሚገባው ውኃ ይበዛል። ድፍርስ ካለ የምታነሺው ድፍርሱን ይሆናል። ሌንሱ ተጠግተሽ ብዙ እንድታዪ ነው።”

ይህቺ ገባችኝ። ሃያ ስምንቱን አምጣ አልኩት። አመጣው፤ ያገለገለ ነበር። አንድ ሰው ቀይ ባሕር ላይ ጠልቆ ሲያነሳበት ከርሞ ነው የሸጠው። የቀይ ባሕርን ነገር ለቄስ ኃይሉ የማስረዳበት አንደበት የለኝም፤ ስለዚህ ልክ ያልሆነውን፣ አዲሱን ሃያ አራት ካሜራ ከነልብሱና ከነሰፊው ሌንስ ገዛሁ። ዋጋው ሁለት ሠርግ፣ ከነመልሱ፣ ቆሜ የዋልኩበት ነው።

የጀሪካኑ ውኃ

ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ አንድ ሾፌር ደወለልኝ። ጋሼ ጌታነህ ከምንጩ አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድተው ልከዋል፦ “በዚህ ትሞክረው፤ ይህ ሌላ ውኃ አይደለም” ብለው። ያንን ሁሉ ግራ መጋባት እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸውም ዘመሮ ላይ ሆነው ስለ ካሜራዬ ያስባሉ። ደስ አለኝ።

ውኃውን ሳፋ ውስጥ ገልብጬ፣ ማንኪያ አስተኝቼ፣ ልብሱ እንደማያፈስ ለማወቅ ሶፍት ውስጡ አድርጌ ነከርኩት። ሶፍቱ ደረቅ ወጣ፤ ተመስገን። ፎቶው ላይ ግን ማንኪያው መሐል ላይ የሚያበራ ክብ ነገር ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው፦ በልብሱና በሌንሱ መካከል የቀረ የአየር አረፋ ነበር። ሌንሱን ውኃ ውስጥ እንዳለ አውልቄ መልሼ ስገጥመው ጠፋ። አራቱ ማዕዘን ግን ሻጩ እንዳለው ጥቁር ነው። ዳር ዳሩ ቢጠቁርም ግንቡ መሐል ላይ ይታየኛል ብዬ ተውኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ “ማንኪያውን ምን ብሎ ነው የሚያነሳው ሰው?” አለችኝና ሄደች።

ጣርማበር፣ ሞላሌ፣ ዘመሮ

ዓርብ ሌሊቱ ሳይነጋጋ አልተነሳሁም፤ ፀሐይ ስትወጣ ነው የተሳፈርኩት። ጣርማበር ጉም ውስጥ ገባን፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነዳ። ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን መዘዞን ስናልፍ ጉሙ ከኋላ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው፣ የተከመረ የገብስ ገለባና ጥቁር በግ ብቻ ነው። ብርዱ የመስኮቱን መስታወት አልፎ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭኔ ላይ ያለውን ሳጥን በክርናቸው ነካ አደረጉ።

“ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?”

“ካሜራ ነው፣ እማማ። ውኃ ውስጥ የሚገባ።”

“ምን ሊያነሳ?”

“ግንብ።”

“ግንብ ደረቅ መሬት ላይ ጠፍቶ?” አሉና ቆሎ ዘገኑልኝ።

ሞላሌ ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝ። ጾም ስለነበር ሽሮ በላሁ፤ ከሚጥሚጣው የተነሳ ብርዱን ለአንድ ሰዓት ረሳሁት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠጠር ነው። ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ዘመሮ ስደርስ እጄ ደንዝዞ ነበር። ጋሼ ጌታነህ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። በቅሎዋ ላይ የተጫነው ግን እኔ ሳልሆን ካሜራው ነው።

ቤታቸው ከምንጩ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፤ የበግ ጠጉር ባና ደረቡልኝ። ከቤቱ ጀርባ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ቆመዋል። “ሃያ ሰባት ናቸው” አሉኝ። “ግንበኛ ጡረታ የለው፤ እነሱ ናቸው ጡረታዬ። ጉልበቴ ሲደክም አንድ አንድ እያልኩ ቆርጬ እሸጣለሁ።” ከመካከላቸው ቀጥ ያለ ቀጭን አጣና ቆርጠው ልጠውልኛል፤ ካሜራው የሚታሰርበት ነው።

የተጠረገው ምንጭ

ቅዳሜ ጠዋት ምንጩ ዘንድ ወረድን። ሰው ተሰብስቧል። ደምሴ ቀደም ብሎ ሊቀበለኝ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ ፈጣን ሰው ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውኃው ነጭ ነው። ገብስ የታጠበበት ይመስላል።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?” አልኩ።

“የለም፣ እንደ መስታወት ነበር” አለ ደምሴ በኩራት። “እንግዳ ልትመጣ ነው፣ ፎቶም ሊነሳ ነው ብለን ትናንት ሙሉ ቀን ጠረግነው። እግራችንን ሳናስገባ፣ በረጃጅም እንጨት መጥረጊያ አስረን፣ ግድግዳውንም ታችኛውንም። ጉድፍ አይታይበትም።”

ጉድፉ አይታይም፤ ግንቡም አይታይም። የሠላሳ ዓመት ደለል ለእኔ ክብር ተነስቶ ውኃው ውስጥ ይዋኛል። ልናደድ አልኩና አልቻልኩም፤ ሰው ቤቱን ጠርጎ ነው እንግዳ የሚቀበለው። ሽማግሌዎቹ ፊቴን ሲያዩ ጥፋት እንዳጠፉ ገባቸው።

“እስኪጠልል ስንት ቀን ይፈልጋል?” አሉ ቄስ ኃይሉ።

“እኔ እንጃ፣ አባ። ሁለት ቀን ማንም ካልቀዳበት…”

ሁለት ቀን አለመቅዳት ማለት ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ ማለት ነው። አጉረመረሙ፤ ግን ተስማሙ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ አንዷ ጀሪካን አዝላ ስታልፍ “ደኅና ፎቶ ይሁን ብቻ!” ብላኝ ሄደች። ስታልፍ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። ሁለቱን ቀን መመሪያውን ሳነብ ዋልኩ። ባነበብኩ ቁጥር የማላውቀው በዛ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚሉት ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ግን ከመመሪያው አገኘሁ። ካሜራውን ወደ ፊት ትንሽ ዙም ካደረግሁት ሃያ አራቱ ሃያ ስምንት ይሆናል፤ የማዕዘኑም ጥቁረት ይጠፋል። ሻጩ ይህን ለምን እንዳልነገረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ነግሮኝ ይሆናል።

ሰኞ

ሰኞ ረፋድ ላይ ውኃው ሙሉ በሙሉ አልጠለለም፤ አንድ ክንድ ያህል ግን ያሳያል። ካሜራውን በሲባጎ አጣናው ጫፍ ላይ አሰርኩ፤ በየአምስት ሴኮንዱ ራሱ እንዲያነሳ አዘዝኩት። ሌንሱን ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋውን አስወጣሁ። ደምሴ ከቤቱ የግድግዳ መስታወት ነቅሎ መጥቶ ነበር፤ ፀሐይዋን ተቀብሎ ወደ ጨለማው ጀርባ ላከልኝ። ግንቡ ተሰንጥቋል ባዩ እሱ፣ መስታወቱን ሳያንቀሳቅስ የያዘልኝም እሱ።

አጣናውን ከምሥራቁ ግንብ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ሃምሳ ስድሳ ፎቶ ያህል ሲያነሳ አወጣሁት። በፀሐዩ ስክሪኑ ስለማይታይ ጋሼ ጌታነህ ጋቢያቸውን ራሳችን ላይ ጣሉብን። ከጋቢው ሥር እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ሌላው ሰው ውጪ ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹ ብዥ ያሉ ናቸው። ከዚያ አንዱ ወጣ። ግንቡ ነው። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተኝቷል፤ መጋጠሚያው ቀጥ ያለ ነው፤ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት የለም። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ከታች እስከ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፎቶ ገብቷል። ጋሼ ጌታነህ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ረድፉን እየተከተሉ አነበቡት። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

“አልተሰነጠቀም” አሉ በሹክሹክታ። “አላልኩሽም?”

አቀፍኳቸው። ወደ ስክሪኑ ስመለስ ግን ጣታቸው ግራው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። የምንጩ ዓይን፣ ውኃው ከዓለቱ የሚወጣበት ስንጥቅ እዚያ ነው። ከስንጥቁ ቀይ ቡናማ ነገር ተዘርግፏል፤ የተባዘተ የበግ ጠጉር ይመስላል። ውኃው ገና ከዓለቱ ሳይወጣ የሚጠጣው እሱ ነው። እኔ አላወቅሁትም። እሳቸው አወቁት።

“የባሕር ዛፍ ሥር ነው” አሉ።

ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ቀና ማለት አላስፈለገኝም። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ አላፍርበትም። ሌንሱ ባይኖር ኖሮ ሥሩ ፎቶው ውስጥ አይገባም ነበር፤ ግንቡ ብቻ ይገባ ነበር። “ጋሼ” አልኩ፣ “ዳሩን መቁረጥ እችላለሁ። አሁን፣ እዚሁ። የጠየቁት ስለ ግንቡ ነው፤ ግንቡን እናሳያቸው።”

ከጋቢው ውጪ ደምሴ “ታየ?” ይላል። ጋሼ ጌታነህ ለቅጽበት ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

“ግንቡን እመኑ፣ ሥሩን ተዉ ልበላቸው? በዚሁ ፎቶ እኮ ነው የሚያምኑኝ” አሉኝ በመጨረሻ። “ሙሉውን አሳዪ።”

ጋቢውን እሳቸው ራሳቸው ገለጡት። ካሜራውን ከእጄ ወስደው መጀመሪያ ለደምሴ ግንቡን አሳዩት፤ ቀጥሎ ጣታቸውን ወደ ግራው ጠርዝ አዞሩ። “የኔ ዛፍ ነው” አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። ደምሴ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና መስታወቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። “ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ” አላቸው። “አልበደልከኝም፤ ውኃው እንደ ጎደለ ያየኸው አንተ ነህ” ብለው ትከሻውን ይዘው አስነሱት። ቄስ ኃይሉ ዛፎቹን ቀና ብለው አዩና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት መጥረቢያ ተሰማ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቆርጦ መተው አይበቃም፤ ሥሩ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ሰው ሁሉ ዶማ ይዞ መጣ። ደምሴ አምስቱ እንዲቀሩ፣ ከምንጩ የራቁት እንዲተዉ ለመነ። ጋሼ ጌታነህ “ሥር መንገድ ይጠይቃል እንዴ?” ብለው ሃያ ሰባቱንም ምልክት አደረጉባቸው። እኔ አንዱን ጉቶ ለመቆፈር ሞክሬ መዳፌ ተላጠ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ግን ዛሬም አጥርቼ አላውቀውም። ለስማቸው ነው የመጣሁት፤ ስማቸውን መለስኩ፤ ጡረታቸውን ግን ወሰድኩ።

ወደ ቤት

ማክሰኞ ስመለስ ውኃው ይጨምር አይጨምር ገና አልታወቀም ነበር። ከክረምት በፊት አይታወቅም ይላሉ። ከዘመሮ እስከ ሞላሌ፣ ከሞላሌ እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ጥያቄ ብቻ ሲመላለስብኝ ዋለ፦ ሰፊውን ሌንስ ሳልገዛ ቀርቼ ቢሆን ይሻል ነበር ወይስ አይሻልም? ካሜራ መምረጥ ቁጥርን ከቁጥር ማወዳደር ይመስለኝ ነበር። ለካ ስትመርጪ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀርም አብረሽ ትመርጫለሽ፤ ያውም ምን እንዳለ ሳታውቂ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ተምሬያለሁ ብል ውሸት ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ “ወንድሜ እንዴት ነው?” አለችኝ። ስለ ዛፎቹ ሳልነግራት ካሜራውን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብዙ ቆየች።

“ይሄን ጌታነህ ነው የሠራው?” አለች። “ሠላሳ ዓመት ይሄ ሁሉ ውኃ ውስጥ ነበር?”

“አዎ።”

“አጥበሽ አምጪልኝ፤ ትልቅ አድርገሽ። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።”

“እማዬ፣ ሥሩን ልቁረጠው ወይስ…?”

ዓይኗን ከግንቡ ሳትነቅል “የቱን ሥር?” አለችኝ።